ባለ ሁለት አክሰል ካራቫናችን ከሰባት ወራት በኋላ፦ በኪምበርሊ የወንዝ ሸለቆዎች የታየ ጥንካሬና ድክመት

ከሜልበርን ተነሥተን የሰሜን አውስትራሊያን የወንዝ ሸለቆዎችና የዱር እንስሳት ለማየት የገዛነውን ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ሰባት ወር ተጠቅመንበት 16,400 ኪሎ ሜትር ያህል ጎትተነዋል፤ ከዚህ ውስጥ 1,900 የሚሆነው ኮረኮንች ነው። ካራቫኑ 19 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ባለ ሁለት አክሰል (ሁለት የጎማ ዘንግ ያለው)፣ ባዶውን 2,450 ኪሎ የሚመዝንና ከነጭነቱ እስከ 3,200 ኪሎ የተፈቀደለት ሲሆን፣ እኔን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ያስተኛል። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው አብዛኛው አስተያየቴ በዚህ መጠንና አሠራር የሚሸጡትን ሁሉ ስለሚመለከት ነው።

ስንገዛው የተመለከትነው የወለሉን ስፋት፣ የፍሪጁን መጠንና የአልጋውን ምቾት ነበር። ዛሬ የምመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ያለው የኪምበርሊ አካባቢ ሸለቆዎች አብዛኞቹ ተጎታች ተይዞ የሚደረስባቸው አይደሉም፤ ስለዚህ ካራቫን የሚፈተነው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው እስከ ሰፈሩ ቦታ ሳይፈታታ መድረሱ፣ ሁለተኛው ከመኪናው ተለይቶ ከቆመ በኋላ ቤተሰቡን ያለ ውጭ እርዳታ ለቀናት ማኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ማረፊያችን ኒትሚሉክ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ከካተሪን ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ቦታ እስከ ካምፑ ድረስ አስፋልት ስላለውና ኤሌክትሪክም ስለሚገኝ ካራቫኑን ብዙም አልፈተነውም። የካተሪን ወንዝ የአሸዋ ድንጋዩን እየቆረጠ የሠራቸው 13 ሸለቆዎች በደረቁ ወቅት በድንጋይ ክምር ተለያይተው ይቆማሉ፤ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው ለማለፍ ታንኳውን መሸከም አለበት። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ለጥንት ባለቤቶቹ ለጃዎይን ሕዝብ የተመለሰ ሲሆን፣ በገደሎቹ ግድግዳ ላይ የአባቶቻቸው ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ። ማታ ማታ አጃይል የሚባሉት ዋላቢዎች (ትናንሽ የካንጋሩ ዘመዶች) እስከ ዳሱ ድረስ እየመጡ ምግብ ይፈልጋሉ። የውጭው ወጥ ቤት መሳቢያ መቆለፊያ ደካማ መሆኑን ያወቅነው እዚያ ነው፤ የሰው ምግብ ለእንስሳቱ ጤና ጎጂ ስለሆነም በማግስቱ ጠንካራ መቆለፊያ ገዝቼ ገጠምኩ።

እውነተኛው ፈተና በኪምበርሊ ያለው ጊብ ሪቨር ሮድ ነው። የኩነነራ ከተማን አካባቢ ከደርቢ ከተማ ጋር የሚያገናኘውና 660 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መንገድ መጀመሪያ የተሠራው የቀንድ ከብት ለማጓጓዝ ነው፤ በዝናቡ ወራት ወንዞቹ ስለሚሞሉ ይዘጋል። ችግሩ ጉድጓዱ ሳይሆን የመንገዱ ገጽታ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸነታተረ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የሚነዳ ካራቫን ለሰዓታት ያለ ማቋረጥ ስለሚንቀጠቀጥ የላላ ብሎን ሁሉ ይወልቃል፣ ደካማ ብየዳ ሁሉ ይሰነጠቃል። እኛ በአስፋልት ላይ 45 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የነበረውን የጎማ ንፋስ ወደ 28 ዝቅ አድርገን፣ ፍጥነታችንንም ከ60 ኪሎ ሜትር ሳናሳልፍ ተጉዘናል። ይህን ባናደርግ ኖሮ የማዝነው በጎማ ብቻ ባልሆነም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የካራቫኑ እግር በሚገባ የተሠራ ነው። በባሌስትራ ፋንታ ለእያንዳንዱ ጎማ ራሱን የቻለ ሞላና ሁለት ሁለት አሞርዛተር ስላለው በመንገዱ ሁሉ አንዱም አልተሰበረም። በየ100 ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ የጎማዎቹን እምብርት በእጄ የመዳሰስ ልማድ ነበረኝ፤ በሦስተኛው ቀን የኋላው ግራ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ሲግል አገኘሁት፤ ብፈታውም ግሪሱ አልቆ ኩሽኔታው መበላት ጀምሮ ነበር። መለዋወጫ ኩሽኔታ ይዘን ስለነበር እዚያው ቀየርኩት። ይህ የእንክብካቤ ጉዳይ ስለሆነ ካራቫኑን አልወቅስም፤ መለዋወጫውን ሳይዝ ወደዚያ መንገድ የሚገባ ሰው ግን መጎተቻ መኪና ለመጥራት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊከፍል እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ከወለሉ በላይ ያለው አሠራር ግን የእግሩን ያህል አይደለም። የላይኛው ቁም ሳጥን በቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ በአጫጭር ቪቶች ብቻ የተያዘ ስለነበር በሁለተኛው ቀን አንደኛው ማዕዘኑ ለቀቀ፤ የማይክሮዌቩ ማሰሪያም ተሰነጠቀ። አቧራው ከዚህ የባሰ ነበር። ወደ ሰፈር በደረስን ቁጥር በሩን ስንከፍት ቀዩ አቧራ አልጋውን፣ ሳህኑንና የልጆቹን ልብስ ሸፍኖ እናገኘዋለን። ጣሪያው ላይ ያለው የአቧራ መከላከያ መስኮት በጉዞ ጊዜ ተከፍቶ ንጹሕ አየር ከላይ እየገፋ እንዲያስገባና የውስጡ ግፊት ከውጭው እንዲበልጥ ተብሎ የተገጠመ ነው፤ የበሩ ጎሚኒ ከታች በኩል ክፍተት ስለነበረው ግን ግፊቱ ሊያዝ አልቻለም። ጎሚኒውን በወፍራሙ ከቀየርን በኋላ አቧራው በግልጽ ቀነሰ፤ የተከፈለበትም ዋጋ ከ60 ዶላር አይበልጥም። አምራቹ ይህን ያህል ትንሽ ነገር መቆጠቡ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ፔንተኮስት ወንዝ በደረስንበት ጊዜ ውኃው እስከ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ነበር። ድልድይ የለውም፤ ሶልቲ የሚባለው ትልቁ አዞም ስለሚኖርበት ጥልቀቱን በእግር ገብቶ መለካት ፈጽሞ አይቻልም፤ ስለዚህ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ሲሻገሩ ተመለከትን። ከመግባታችን በፊት 40 ደቂቃ ቆመን የጎማዎቹ እምብርት እንዲበርድ አደረግን፤ ምክንያቱም የጋለ ኩሽኔታ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን ስቦ ያስገባል። ካራቫኑ ጠብታ ሳያስገባ ተሻገረ። ለዚህ ሙሉ ምስጋና ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የቀጠለው የምወደው ክፍል ነው። ወደ ቤል ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ጅረት የሚያቋርጥና ጠባብ ስለሆነ ካራቫኑን በዋናው መንገድ ዳር ትተን በመኪናው ብቻ ገባን። ባንዲልንጋን፣ ቀድሞ ዊንጃና ይባል በነበረው ሸለቆ አጠገብ ደግሞ አራት ሌሊት አደርን። ሌናርድ ወንዝ የሰነጠቀው ይህ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ውስጥ የነበረ የድንጋይ ሪፍ (የባሕር ፍጥረታት ያከማቹት የድንጋይ ግንብ) ነው፤ ከፍታው እስከ 100 ሜትር ይደርሳል፤ አገሩም የቡኑባ ሕዝብ ነው። በደረቁ ወቅት ወንዙ ወደ ኩሬነት ስለሚያንስ ፍሬሺ የሚባሉት ቀጭን አፍንጫ ያላቸው ትናንሽ አዞዎች በአሸዋው ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ከሶልቲው የተለዩ ዓሣና ነፍሳት በሊታዎች ናቸው፤ ካልቀረቧቸውና ካልነኳቸው ሰው አይተናኮሉም። ጎሕ ሲቀድ ከካራቫኑ ወጥተን በእግር ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ነበርን፤ ልጆቼ በርቀት ቁጭ ብለው በዝምታ 27 አዞ ቆጠሩ። ከሩቅ ከተማ እየነዱ የሚመጡት በሚደርሱበት ሰዓት ብርሃኑም ጸጥታውም ተለውጦ ነበር።

ይህ ጸጥታ የተገኘው በከፊል በባትሪው ምክንያት ነው። 300 አምፔር ሰዓት የሚይዘው የሊቲየም ባትሪና 600 ዋት የሚያመነጨው የጣሪያ ሶላር ፍሪጁን፣ መብራቱንና የውኃ ፓምፑን ያለ ጄኔሬተር አኑረዋል። ከወንዙ ዳር ካሉት ወፍራም ዛፎች ጥላ ሥር በቆምንበት ጊዜ ባትሪው በሦስተኛው ቀን ወደ 35 በመቶ ወረደ፤ በግዙፉ ቦአብ ሥር ግን ችግር አልነበረም፤ ዛፉ በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋልና። ቦአብ በተከዜ በረሃ ከሚበቅለው ባኦባብ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው፤ ባለቤቴ ግንዱን ባየች ጊዜ የትውልድ አገሯን አስታውሳ ለረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። ሞተር የማይጮኽበት ሰፈር እንስሳቱንም ያቀርባል፤ ከካራቫኑ ጀርባ ባወርበርድ የሚባለው ወፍ ወንዱ ከጭራሮ የሠራውን ዳስ በነጫጭ ጠጠር፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊትና በአረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ሲያስጌጥ አንድ ጠዋት ሙሉ ተመልክተነዋል።

ሦስቱ የውኃ ታንኮች በአንድ ላይ 285 ሊትር ይይዛሉ፤ ቆጥበን ስንጠቀም ለአራታችን ስድስት ቀን በቅተዋል። ከአንዱ ታንክ ሥር ያለውን ቧንቧ ድንጋይ ስለመታው ግን 80 ሊትር ፈሶ አልቋል፤ ከታች የብረት መከላከያ ሳይኖረው ለኮረኮንች ተብሎ መሸጡ ትክክል አይመስለኝም። የውጭው ወጥ ቤት በበኩሉ ከጠበቅነው በላይ ጠቅሞናል፤ ቡና ስንቆላ ጭሱ በአልጋው ላይ አይቀርም።

በፑርኑሉሉ ያጋጠመን ነገር ስለ ካራቫኑ መጠን ያለኝን አስተያየት ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደዚህ ፓርክ ባለ ሁለት አክሰል ተጎታች እንዲገባ አይፈቀድም፤ ከዋናው መንገድ የሚገባው 53 ኪሎ ሜትር የጅረትና የድንጋይ መንገድ ነው። ካራቫኑን መገንጠያው አካባቢ አስቀምጠን ለኤኪድና ጠባብ ሸለቆና ለካቴድራል ሸለቆ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ተሯሯጥን፤ ከጎናችን ባለ አንድ አክሰል ተጎታች ይዘው የገቡት ቤተሰቦች ግን እዚያው ሦስት ሌሊት አድረው በጠዋትና በማታ ብርሃን አዩት።

ስለ ዋስትናው አንድ ነገር ልናገር። የሸጠልን ድርጅት የቁም ሳጥኑን ጥገና መጀመሪያ አልቀበልም ያለው ካራቫኑን በኮረኮንች መጎተታችንን ምክንያት አድርጎ ነው፤ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ግን ካራቫኑ ከአስፋልት ውጭ ለመሄድ የተሠራ መሆኑ ተጽፏል። የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ ዕቃው ለተገለጸለት አገልግሎት ብቁ መሆን እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ፎቶግራፎቹንና ወረቀቱን አያይዤ በጽሑፍ ስጠይቅ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጠግነውልኛል። የምትገዙ ሰዎች የቃል ተስፋውን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዛሬ እንደ አዲስ ብገዛ ከዚሁ ዓይነት እግርና ባትሪ ጋር፣ ርዝመቱ ከ16 ጫማ ያልበለጠና አንድ አክሰል ብቻ ያለውን እመርጣለሁ፤ የነዳጅ ወጪውም ይቀንሳል፤ በእኛ መኪና ያለ ካራቫን በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር የነበረው ፍጆታ በጎታችነት 19 ደርሶ ነበር። ይህንን ግን ለመሸጥ አልወሰንንም። ለሚቀጥለው ሚያዝያ የታንኮቹን የብረት መከላከያ አሠርቻለሁ፣ ሁለት ጥንድ ኩሽኔታም ገዝቻለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ ባለፈው ያልደረስንበትን ማኒንግ ሸለቆ በካርታው ላይ በቀይ ከብበውታል።