ለትንሽ ውሻ የጃፓን ስም፦ ሙጊ፣ ሃቺ ወይስ ሺሮ?

ትንሽ ቡችላ ይዘው ቤት የሚገቡ ሰዎች ዛሬ ዛሬ የጃፓን ስም ይፈልጋሉ። አይፈረድባቸውም። ስሞቹ አጫጭር ናቸው። የጃፓንኛ አናባቢዎች አምስት ብቻ ስለሆኑና አምስቱም ፊደላችን ውስጥ ስላሉ አፋችንም አይንተባተብም። ሺባ የሚባለው የጃፓን ዝርያ ባይኖራችሁም ግድ የለም። ጃፓን ከተሞች ውስጥ ራሱ የሚበዙት ትንንሽ ፑድልና ቺዋዋ ናቸው።

ችግሩ ቶኪዮ ላይ የሚያምር ስም እኛ ግቢ ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ነው። ስለዚህ ስሞቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ሦስት ነገር ጠየቅኩ፦ ጃፓኖች ዘንድ ምን ቦታ አለው? ውሻው በቀላሉ ይለየዋል? ጎረቤት ሲሰማው ምን ይመስለዋል?

ፖቺ እና ሃቺ

ፖቺ የጃፓኖች ቡቺ ነው። ተረት ውስጥ፣ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ፣ አያቶች ቤት የሚገኝ የውሻ ስም። የዛሬ ወጣቶች ብዙም አያወጡትም፣ ግን ሁሉም ይወደዋል። እኛ አገር ግን ጎረቤት ሁለቴ ሰምቶ ሦስተኛው ላይ "ቡቺ" ማለቱ አይቀርም። ልዩ ስም ለሚፈልግ ሰው ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል ትልቅ ሆኖ የመጣና ቡቺ መባል የለመደ ውሻ ካላችሁ ከፖቺ የተሻለ አታገኙም። አዲሱን ስም ለማስለመድ ብዙ አትደክሙም።

ሃቺ ስምንት ማለት ነው። ጃፓኖች ስምንትን ይወዱታል። አጻጻፉ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ የመስፋፋትና የዕድል ምልክት ያደርጉታል። አራት ግን "ሺ" ሲባል ከሞት ጋር አንድ ድምፅ ስላለው ይሸሹታል። ሃቺን ዓለም ያወቀው በሃቺኮ ነው። ሃቺኮ በ1923 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሰሜን ጃፓን፣ ኦዳቴ ከተማ አካባቢ የተወለደ፣ አኪታ የሚባለው የጃፓን ዝርያ ውሻ ነበር። ጌታው የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፕሮፌሰር ሂዴሳቡሮ ኡዌኖ ነበሩ። በ1925 ድንገት ሲሞቱ ውሻው እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1935 ድረስ፣ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቃቸው። ሐውልቱ በ1934 ሲመረቅ ሃቺኮ ራሱ በሕይወት ነበር። ያ ሐውልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረቱ ሲባል ቀለጠ፤ አሁን ያለው በ1948 የቆመ ነው።

ከስም ጋር ይህን የመሰለ ታሪክ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንድ እንከን ብቻ አለው፦ ጮክ ብላችሁ ስትጠሩት ማስነጠስ ይመስላል። "ይማርህ!" የሚል ጎረቤት ካጋጠማችሁ አትገረሙ። እኔ ግን ለወንድ ውሻ ከፖቺ ሃቺን እመርጣለሁ።

ነጭ ለሆነ፦ ሺሮ፣ ዩኪ፣ ሞቺ

ሺሮ "ነጭ" ነው። ለነጭ ውሻ ጃፓን ውስጥ ከዚህ የተለመደ ስም የለም። እኛ ጋ ግን ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ውሻ መጥራት አትችሉም። ቀለሙም አይገጥም። ቡናማ ውሻ ይዛችሁ ሺሮ ብትሉት እኛ እንስቃለን፣ ጃፓኖቹም "ይህ ምኑ ነጭ ነው?" ብለው ይስቃሉ።

ሞቺ ተወቅጦ የሚድቦለቦል የሩዝ ምግብ ነው፤ ለአዲስ ዓመት የሚበላ፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ። ማልቲዝ ለሚባለው ነጭ ትንሽ ዝርያ፣ ድቡልቡል ከሆነ፣ ልክክ ይላል፤ ኢንተርኔት ላይም የሞላ ስም ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቶሎ ብላችሁ በሉት። "ሟች" የሚለው ቃል ወዲያው ከኋላው ይመጣል። ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ እንኳን ለውሻ ለድመትም አይፈቅዱላችሁም።

ዩኪ በረዶ ነው። ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ አማርኛ ውስጥ የሚጋጨው ቃልም አላገኘሁም። ከሦስቱ ያለ ክርክር ዩኪ።

ከጓዳ የመጡት

ጃፓኖች በአሁኑ ጊዜ ቡችላን በምግብ ስም መጥራት በጣም ይወዳሉ። የቤት እንስሳት ኢንሹራንስ ድርጅቶች በየዓመቱ በሚያወጡት የስም ዝርዝር ላይ ሙጊ ከፊት ከሚሰለፉት ነው። ሙጊ ስንዴና ገብስን የሚያጠቃልል ስም ነው። የደረሰ አዝመራ ቀለም ላለው ውሻ ይሄዳል፣ ሁለት ክፍለ ቃል ነው፣ ፆታ አይመርጥም። ኪናኮ ደግሞ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ነው፤ በሶ የሚመስል ቀለም አለው። ቆንጆ ነው፣ ግን ይረዝማል። መሐሉ ላይ ያለችው "ና" ደግሞ ውሻውን ታደናግራለች፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። አዙኪ ቀይ ባቄላ ነው፣ ቀላ ላለ ውሻ ያምራል።

ጎማን ግን ተዉት። ጃፓንኛው ሰሊጥ ነው፤ ነጠብጣብ ላለው ትንሽ ውሻ የሚያስቀና ስም። እኛ መንገድ ላይ "ጎማ! ጎማ!" ብትሉ ግን አላፊ ሾፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል። ጥቁር ውሻ ከሆነ ኩሮ ይሻላል። "ጥቁር" ማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ደግሞ "ኩሩ" ይመስላል። ግቢው የኔ ነው ብሎ ደረቱን የሚነፋ ትንሽ ጥቁር ውሻ አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደወደድኩት ይገባችኋል።

የሰው ስም የሚሆኑት

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሃና ጃፓንኛው አበባ ነው። ማሩ ክብ፣ ኩማ ድብ፣ ሶራ ሰማይ። አራቱም ለውሻ የሚወጡ ደስ የሚሉ ስሞች ናቸው። ግን ሃናና ማሩ የስንት ሰው ስም ነው? ኩማና ሶራም የኦሮሞ ወንድሞቻችን ስሞች ናቸው። "ጃፓንኛ እኮ ነው" የሚለው ማብራሪያ አጥር ተሻግሮ አይሰማም፤ የሚሰማው ስሙ ብቻ ነው። በስም ምክንያት ከጎረቤት መቀያየም አያስፈልግም።

ሃና ሌላም ችግር አለባት። ውሻን የምንጠራው "ና" እያልን ነው። በ"ና" የሚያልቅ ስም ያለው ውሻ ስሙን መስማቱ ይሁን መታዘዙ ግራ ይገባዋል። ስሟን ለመጥራት ያህል ባላችሁ ቁጥር ትመጣለች፤ ስትጠሯት ደግሞ ትቀራለች። ከዚህ ወገን ውስጥ የምወደው ሞሞ ነው፤ ኮክ ማለት ነው፣ ለሴት ውሻ ይሆናል፣ ማንንም አያስቀይምም።

ሁለት ቡችላ አንድ ላይ ለወሰደ ሰው ታሮና ጂሮ አሉ። በልማድ የበኩርና የሁለተኛ ወንድ ልጅ ስሞች ናቸው። በ1958 (በፈረንጆች) የጃፓን ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ 15 የበረዶ ጎታች ውሾችን ትተው ለመውጣት ተገደዱ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ሲመለሱ ሁለቱ፣ ታሮና ጂሮ፣ በሕይወት ጠበቋቸው። ጂሮ ትንሽ "ጆሮ" ይመስላል፣ ግን ለውሻ ይሄ ነውር አይደለም።

ስም ከመረጣችሁ በኋላ "ቻን"፣ ማለትም ጃፓኖች ከስም ኋላ የሚቀጥሏትን የማቆላመጫ ቃል፣ መጨመር የናንተ ፈንታ ነው። ጃፓን ውስጥ እንስሳት ሐኪም ቤት ተራ ሲጠራ የባለቤቱን የቤተሰብ ስም አስቀድመው "ሞሞ-ቻን" ማለታቸው የተለመደ ነው። ልምምድ ላይ ግን ቻኗን ተዉአት፤ ውሻው በአጭሩ ይልመድ።