ዎከር፣ ከዘራ ወይስ የወገብ ቀበቶ? የነርቭ ቦይ መጥበብ ላለበት ሰው የትኛው ይገዛ

ብዙ ሰው "ዲስክ ነው" ብሎ የሚያልፈው የአረጋውያን ወገብ ሕመም አንዳንዴ በአከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ቦይ መጥበብ ነው። ቆመው ሲቆዩ ወይም ጥቂት ሲራመዱ እግር ይከብዳል፣ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፤ ቁጭ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይለቃል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ሲወጡ ደህና ሆነው ሲወርዱ የሚብስባቸውም ለዚህ ነው፦ ዳገት ያጎነብሳል፣ ቁልቁለት ግን ሰውነትን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ወገብ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ቦዩ ይበልጥ ይጠባል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እንግዲህ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ዕቃው ጎንበስ ያስብላል ወይስ ቀጥ ያደርጋል?

ባለ አራት ጎማ ዎከር። በከተማ ለሚኖር ሰው ከሦስቱ የምንመርጠው ይህን ነው። ወደ ፊት ተደግፎ ያስኬዳል፤ እግር ሲደነዝዝም መቀመጫው አብሮ አለ። ጎማውን ግን ይለኩ። በመሃሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲሜትር የሆነው ለቤት ወለል ነው፤ በደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ላይ በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ይቆማል፣ ሰውን ወደ ፊት ይጥላል። 20 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ይውሰዱ። እጀታውን ለማስተካከል ዎከሩን የሚይዙት ሰው ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ለቀው ይቁሙ፤ እጀታው የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ፣ ከዚያ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ያድርጉት። ፍሬኑን ቆልፈው ዎከሩን በኃይል ይግፉት። ጎማው ከዞረ ሽቦው ላልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሊቀመጥበት ሲል ወደ ኋላ ይሸሻል። ቁልቁለትና የክረምት ጭቃ ላይ አይሆንም፤ ለመንዝ የእግር መንገድ አይግዙት።

ከዘራ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገባል፤ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ ብዙ አያጎነብስም። በየገበያው የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፤ ትከሻን ሽቅብ ገፍቶ ወገብን ያቀናል። በእጅ አንጓ ልክ ያስቆርጡት። ጫፉ ላይ ጎማ ያስገቡ፤ ጎማው ተበልቶ ሲያልቅ ይቀይሩት፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። ሁለቱም እግር ካመመ ሁለት ከዘራ ይሻላል። መቋሚያ የተለየ ነገር ነው፤ ቅዳሴ ላይ ደረትን አስደግፎ ለመቆም በጣም ያሳርፋል፣ ለመሄጃ ግን ይረዝማል።

የወገብ ቀበቶ። ታጥቀውት ሳሉ ትንሽ ራቅ ያለ መንገድ ያስኬዳል፤ ሲፈቱት ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለገበያ ቀን ወይም ለሥራ ሰዓት ይታጠቁት፣ አይተኙበት። ልኩ የሚወሰደው በእምብርት ዙሪያ በሳንቲሜትር ነው። ጀርባው ላይ ያለው ብረት ወገብን ገፍቶ ወደ ኋላ የሚለጥጥ ከሆነ ይተዉት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ታጥቀው ይራመዱ፤ እግር ከወትሮው ፈጥኖ ከደነዘዘ ያ ቀበቶ ለእርስዎ አይደለም።

የሙቅ ውሃ ላስቲክ ለደጋው ብርድ ደግ ነው፤ የተያዘውን ጡንቻ ያፍታታል፣ ቦዩን ግን አያሰፋም። ከሦስት ሁለት እጅ ይሙሉት፣ አየሩን ያስወጡ፣ በጨርቅ ጠቅልለው 20 ደቂቃ ይያዙት። ስኳር ኖሮበት ሰውነቱ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል አይሰማውም፤ ለእሱ ባይደረግ ይሻላል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብረው አይወሰዱም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አንዱንም አይጀምር።

ምንም ሳይገዙ የሚደረግም አለ፦ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱንም ጉልበት ወደ ደረት ስቦ 20 ሰከንድ መያዝ፣ አምስት ጊዜ መደጋገም፣ ጠዋትና ማታ። ሲተኙ በጎን ሆነው በጉልበቶች መካከል ትራስ ያድርጉ።

ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ ከጀመረ፣ ሽንት አልወርድ ካለ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከዛለ ዕቃ መምረጡን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ፤ ነርቩ ተጨንቆ ከቆየ ላይመለስ ይችላል።