ለሶሊሲተራችን (ለጠበቃችን) ምስጋና፣ ሊዛችሁ ላጠረ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለንደኖች። ይሄን እጽፋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ትናንት ግን ከላንድ ሬጅስትሪ (ከንብረት ምዝገባ ቢሮው) ወረቀቱ መጣና ሰበብ አለቀብኝ። የፍላታችን ሊዝ እስከ 2195 ተራዝሟል። በኛ አቆጣጠር 2187 መሆኑ ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን አይቶ «ከዚያ በኋላ ያሉት ይጨነቁበት» አለና ቡናውን ጠጣ።

ቤታችን ሰሜን ለንደን ያለች ባለ ሁለት መኝታ ፍላት ናት። የገዛናት በ2015 ነው። ሊዙ ሲጀመር 99 ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ይሄን ስነግረው «እዚያም ሊዝ? እዚያም 99?» ብሎ ሳቀብኝ። እዚያ አከራዩ መንግሥት ነው። የኛ ግን ፍሪሆልደር (የመሬቱና የሕንፃው ባለቤት) የሚሉት የግል ኩባንያ ነው። ቤት ገዛን ብለን ድግስ ደገስን እንጂ የገዛነው ዓመት ነው። ዓመቱ ደግሞ በየቀኑ ያልቃል።

ክፉው መስመር ከሊዙ 80 ዓመት ሲቀር ነው። ከ80 በላይ እያለ ይራዘምልን ብላችሁ ካመለከታችሁ ሒሳቡ ደህና ነው። እዚያ ከደረሰ ወይም ከወረደ «ማሬጅ ቫልዩ» የሚሉት ይጨመርበታል። ሊዙ በመራዘሙ ከሚፈጠረው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሄዳል ማለት ነው። ስሙ ጋብቻ ይባል እንጂ ጥሎሹን የምንከፍለው እኛ ብቻ ነን። ቤቱን ስንገዛ ጉዳያችንን የያዘው ሰው ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅንም።

ያነቃን የፍሪሆልደሩ ደብዳቤ ነው። «በ9,000 ፓውንድ ሊዛችሁን ወደ 99 ዓመት እንመልስላችሁ» ይላል። ባለቤቴ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። ጎረቤታችን ፈርሟል አሉ። እኔ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ግራውንድ ሬንቱ (ለፍሪሆልደሩ በየዓመቱ የምንከፍለው የመሬት ኪራይ) የነባሩ ሊዝ ዘመን እስኪያልቅ በ250 ፓውንድ እንደሚቀጥል አየሁ። ሆዴ እሺ አላለኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ሳወራ አንዲት እህት የዚህችን ሶሊሲተር ስልክ ሰጠችኝ።

ሐበሻ ናት ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አይደለችም፣ ናይጄሪያዊት ናት። በዕድሜ ትልቅ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ነው እንጂ አንቱ የምትባል። ቢሮዋ ከፀጉር ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ደረጃው ላይ የካስክ ሽታ ይቀበላችኋል።

ወደ እሷ የሄድነው በፌብሩዋሪ 2025 አጋማሽ ነው። እኛ ሊዙ የተፈረመበትን ቀን ይዘን፣ እሱም ኦክቶበር 2006 ነው፣ 80ው መስመር ላይ እስክንደርስ ገና ስምንት ወር አለን ብለን ተዝናንተናል። እሷ የፊርማውን ገጽ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። በእርሳሷ መስመር በመስመር ወረደች። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱ ቆመ። ምንም አላለችም። ተነስታ ከግድግዳው ላይ ካላንደሩን አወረደችና ፊታችን አስቀመጠችው። የሊዙ ዘመን የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን አይደለም፤ «ከማርች 25 ቀን 2006 ጀምሮ» ይላል። የቀረን አምስት ሳምንት ብቻ ነበር።

ማርች 25 እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ ኪራይ የሚሰበስቡበት ቀን ነው አለችን። የብሥራት በዓላቸው ነው። በአሮጌው አቆጣጠር የኛ መጋቢት 29 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀን ውል ውስጥ ተደብቆ እንደሚጠብቀን ማን ያውቃል?

ከዚያ ሩጫ ሆነ። በሳምንት ውስጥ ሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች) መጥቶ ፍላቱን ለካ። ሴክሽን 42 የሚሉት የሊዝ ማራዘሚያ ማመልከቻ በማርች 13 ፍሪሆልደሩ እጅ ገባ። በፖስታም ላከችው፣ በሰው እጅም ላከችው፣ የተቀበለውንም አስፈረመችው። ዋጋው የሚሰላው ማመልከቻው በተሰጠበት ቀን ነውና ከዚያ ወዲያ ድርድሩ ቢጓተትም 80ው መስመር አልነካንም። ሰርቬየሩ 12 ቀን ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ስድስት ሺህ ፓውንድ ያህል ይጨመርባችሁ ነበር ብሎናል።

በ1993ቱ የእንግሊዝ የሊዝ ሕግ መሠረት ያገኘነው በቀረን ላይ 90 ዓመት ነው፤ ግራውንድ ሬንቱም ዜሮ ሆነ። ፍሪሆልደሩ 15,500 ጠየቀ፣ በ12,400 ተስማማን። የሚያናድደው የፍሪሆልደሩን ጠበቃና ገማችም የምንከፍለው እኛው መሆናችን ነው። ዱላ አቀብሎ መመታት ማለት ይሄ ነው። እሷ ግን የመጀመሪያውን ሂሳባቸውን አይታ «ይሄ አይከፈልም» ብላ መለሰችው። ቀንሰው ላኩ።

የ2024ቱ አዲስ ሕግ ማሬጅ ቫልዩን ሊያስቀር፣ ዘመኑንም 990 ዓመት ሊያደርግ መሆኑን ሰምታችሁ ይሆናል። እኛም ብንጠብቅስ አልናት። ያ ክፍል ያኔ ገና ሥራ ላይ አልዋለም። «መቼ እንደሚጀምር የሚነግራችሁ ሰው ካለ እኔም ስልኩን ስጡኝ» አለች። ሪሞርጌጅ (የቤቱን ብድር ማደስ) ስለነበረብን አልጠበቅንም። በሌላ በኩል የእህቴ ልጅ ቤት ከገዛች አራት ወሯ ነው፤ ድሮ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማመልከት አትችልም ነበር። በዚሁ አዲስ ሕግ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ወዲህ ያ ቀርቷል።

እንከን የለባትም አልልም። ዓርብ ከሰዓት ስልክ አታነሳም። ኢሜይሏ ሁለት መስመር ነው፣ የተቆጣች ይመስላል። ርካሽም አይደለችም። ግን ክፍያዋን መጀመሪያ ቀን በጽሑፍ ሰጠችን፣ በመጨረሻም ሳንቲም አልጨመረችም። እንዲያውም ገንዘብ ሳትቀበለን በፊት ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ወደሚባለው የነፃ ምክር ቦታ መርታን «እነሱን አናግሩና ተመለሱ» አለችን። ሥራ ፈላጊ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

እግዜር ይስጥልን እላታለሁ። አማርኛ ባታነብም ልጄ ተርጉማ ትልክላታለች። ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ሙሉውን ሊዝ ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከላካችሁላት ያቺ ባለ ሁለት መስመር ኢሜይል ትደርሳችኋለች።