ለቤሬታ 1934 የገዛሁት ምትክ የእጀታ ሽፋን

አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ሽጉጥ ለምትሰበስቡ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። የኔው ቤሬታ 1934 የተባለው የጣሊያን ሽጉጥ ላይ ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጎን የሙሶሊኒ አገዛዝ 16ኛ ዓመት በሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። አገራችን በጣሊያን ተይዛ በነበረችበት ጊዜ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ለኔ ተራ ዕቃ አይደለም።

ዋናው የእጀታ ሽፋን ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ ከጀርባው ስስ ብረት አለው። የኔው ብሎኑ አካባቢ ተሰንጥቆ ነበር። ምትኩን በ35 ዶላር ከኢንተርኔት ገዛሁት። መልኩ ያምራል፣ የቤሬታ ምልክቱም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ግን የጀርባው ብረት የለውም! ሻጩ ይህን መናገር ነበረበት፣ ምክንያቱም ያለ ብረቱ ሽፋኑ ሲይዙት ትንሽ ይለመጣል፣ ብሎኑን አጥብቄ ልሰር ያለ ሰውም በቀላሉ ይሰነጥቀዋል።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ በየጎኑ አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ካቻቪቴው የብሎኑን ስንጥቅ በደንብ የሚሞላ ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ያበላሻል፣ ብረቱንም ይጭራል። የኔው የግራው ሽፋን ጠርዙ ላይ አልገባ ሲል በስሱ የብርጭቆ ወረቀት ፕላስቲኩን ብቻ ቀስ እያልኩ ሞረድኩት፣ የሽጉጡን አካል ግን በፍጹም አትንኩ።

ለዕይታ ለሚያስቀምጠው ሰው ዋጋው ተገቢ ነው። የተሰነጠቀውን አሮጌ ሽፋን ግን እባካችሁ አትጣሉት፤ ሽጉጡ ሲሸጥ ገዢ የሚጠይቀው እሱን ነው።