ግድግዳ ላይ የሚታሰር የሥራ ጠረጴዛ፦ የእንጨት ወይስ የብረት?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ የሥራ ጠረጴዛ ማሠራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "እንጨት ይሻላል ብረት?" ብሎ ነው። እኔ ግን ቅድሚያ ግድግዳውን አንኳኩት እላለሁ።

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። በትራፓኖ በስቶ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ማስገባት ለፎቶ መስቀያ ይበቃል። ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) የሚገጠምበትንና መዶሻ የሚያርፍበትን ጠረጴዛ ግን አይችልም፤ እየላላ ይሄድና ከነልስኑ ይነቀላል። ስለዚህ ወይ የአርማታውን ኮለን (ምሰሶ) ፈልጋችሁ እዚያ ላይ እሰሩት፣ ወይ ረጅም ብሎን ማዶ ለማዶ አሳልፋችሁ ከጀርባ ወፍራም ብረት ደግፉለት። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነ ከፊት ሁለት እግር ሳትጨምሩ አትሞክሩት። የጭቃ ቤት ላይ አራት እግር ይኑረው፤ ከቋሚው እንጨት ጋር የምታስሩት እንዳይወዛወዝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ጎጃም ውስጥ ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። የእንጨት ጠረጴዛ መዶሻ ሲመታበት ድምፁ አይረብሽም፣ ቢበላሽም ራሳችሁ ትጠግኑታላችሁ። ችግሩ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በበጋ ግዙና በመሃሉ ስንጣሪ እያስገባችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። እግሩን ደግሞ ከአፈር አርቁ፤ ምስጥ አይምርም። ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፣ ግን ውድ ነው፤ መዶሻ ለሚያርፍበት ጠረጴዛ ባታባክኑት ደስ ይለኛል።

ብረቱ ለሞተር፣ ለባጃጅና ለመኪና ሥራ ይበልጣል። ዘይት አይጠጣም፣ የግራይንደር ብልጭታ አያቃጥለውም። ቤት ተከራይ ከሆናችሁም ብሎኑን ፈትታችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አሠሩ። ዋጋ ለመቀነስ ስስ ብረት የሚያቀርብላችሁ በያጅ አይጠፋም፤ ከቀለም በፊት የተቆረጠውን ጫፍ እዩ። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን የተያያዘ ይሁን። ከሥር ሰያፍ ድጋፍ ከሌለው አትረከቡት።

ታጣፊ ጠረጴዛ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ማጠፊያው ለከባድ ሥራ አይሆንም።

ላዩን በእንጨት የምታሠሩት ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ደረቅ ጣውላ ይሁን። ቺፑድ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ ብሎንም አይዝም። ከፍታውን በእጃችሁ ለኩት፦ እጃችሁን ወደ ታች አውርዳችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእጅ አንጓችሁ የሚደርስበት ነው።