ሞዘል ዳር ያለ የወይን ገበሬ ቤት፦ ሪዝሊንጉ ግሩም ነው፣ ቅዝቃዜው በዛ

ጀርመን ውስጥ በርንካስተል-ኩስ ከተማ አጠገብ፣ ሞዘል ወንዝን ቁልቁል የሚያይ የወይን ገበሬ ግቢ ነው። የሚቀዳው ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። በሩ ላይ የቅጠል ጉንጉን ከተሰቀለ ክፍት ነው፤ ካልተሰቀለ ማንኳኳትም አያስፈልግም። ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ቤት ሽትራውስቪርትሻፍት ይሉታል። ገበሬው የሚሸጠው የራሱን ወይን ነው፤ ከ40 ወንበር በላይ አይዘረጋም፣ በዓመት ከ4 ወር በላይም አይከፍትም። ቢራ ፈልጎ የመጣ ሰው እዚህ አይቀናውም።

የወይን ዝርዝሩ አጭር ቢሆንም ማንበብ ላልለመደ ያሳስታል። «ትሮከን» ደረቁ ነው፣ ስኳሩ በሊትር ከ9 ግራም አያልፍም። «ፋይንሄርብ» የሚለው ትንሽ ለስለስ ይላል። «ካቢኔት» የሚለው ደግሞ ጣፈጥ ያለ ሆኖ አልኮሉ 8 በመቶ ገደማ ነው። አስተናጋጁ ሳይጠይቅ ለሁሉም ትሮከን ይቀዳል፤ ስለዚህ የሚፈልጉትን ቀድመው ይናገሩ።

ትሮከኑ አፍ ላይ ሎሚና ያልበሰለ ፖም ይላል፤ ምላስንም ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ይህን ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱ አሉ። አልተበላሸም፤ ወጣት ወይን ውስጥ የቀረ የመብላላት ጋዝ ነው። ጠርሙሱ ግርጌ የሚታየው እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ዝቃጭም ጉዳት የለውም።

የቤቱ ትልቁ ጥፋት ወይኑን ከበረዶ ባልዲ አውጥቶ በቀጥታ መቅዳቱ ነው። 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ሽታው ይዘጋል፣ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው። ለሪዝሊንግ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠርሙሱን ከባልዲው አውጥቶ ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ መተው። ብርጭቆው ላይ 0.2 ሊትር የሚል መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ከተቀዳ ማስሞላት መብትዎ ነው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ፍላምኩኸኑን ማለፍ አይገባም። እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ላይ ኮምጠጥ ያለ ክሬም፣ ቀይ ሽንኩርትና የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ይደረግበታል። አሳማ የማይበላ «ኦነ ሽፔክ» ይበል፣ ያለ ሥጋ ይሠሩለታል። ጠርዙ ጠቆር ብሎ ሲቆረስ ቀጭ ይላል። ሽንኩርቱ በወፍራሙ የተከተፈ ዕለት ግን ውሃ ይለቅና መሃሉ ይረጥባል። በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከትሮከኑ ጋር ይበላ፦ ኮምጣጣው የክሬሙን ቅባት አፍ ላይ ያጥበዋል።

ለተጨሰው ትራውት ዓሣ ፋይንሄርቡ ይሻላል፤ ትንሿ ጣፋጭነት ጨውና ጭሱን ታለዝባለች። ከጎኑ የሚመጣው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ክሬም ሲበዛ ወይኑን ይገድለዋል፤ በሹካ ጫፍ ይበቃል። ሰላጣው ኮምጣጤ ስለበዛበት ባይነካ ይመረጣል። የፖም ኬኩም ከትሮከን ጋር አይሄድም። ኬኩ ከወይኑ ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ወይኑ ሆምጣጤ ይመስላል።

ካቢኔቱ ወደ ቤት የሚወስዱት ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ ሐበሾች፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሩት፦ 14 በመቶ አልኮል ያለው ቀይ ወይን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ የካቢኔቱ ስኳር ግን ያለዝበዋል።