«ለራሊ የተሠራ» የተባለው የሞተር ስልክ መያዣ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ሞተረኞች ከመክፈላችሁ በፊት

ሞተረኞች፣ ተጠንቀቁ። ባሕር ዳር ውስጥ በሱቅም በቴሌግራምም አንድ «ሙሉ ዕቃ» እየተሸጠ ነው። የስልክ መያዣ፣ ከሞተሩ ኃይል የሚወስድ «ባለ 4 አምፔር» ቻርጀር፣ ውኃ አያስገባም የተባለ የፕላስቲክ ኪስ እና «50,000» (ሚሊአምፔር ሰዓት፣ የሚይዘው የኃይል መጠን) የሚል ፓወር ባንክ በአንድ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ሞተር አሸዋ እየሰነጠቀ ሲሄድ ይታያል፤ ከሥሩ «ለረጅም ራሊ»፣ ማለትም ለረጅም የሞተር ጉዞ ውድድር፣ ይላል። አራቱ ተደምረው ዋጋቸው ረከስ ያለ ስለሚመስል ሰው ሳያጣራ ይወስደዋል። ከአራቱ አንዱም ግን የተጻፈበትን ያህል አይሠራም።

ከፓወር ባንኩ እንጀምር፣ ውሸቱ በሚዛን ይያዛልና። እንዲህ ዓይነቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 18650 የሚባለው ከአውራ ጣት ትንሽ ረዘም ያለ ክብ ባትሪ ነው። አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። 50,000 ለመድረስ 15 ባትሪ ያስፈልጋል። ሽፋኑ ሳይቆጠር ወደ 700 ግራም ማለት ነው። በእጃችሁ ያለው ሩብ ኪሎ ካልሞላ ውስጡ ቢበዛ አራት ወይም አምስት ባትሪ ነው፤ እነሱም ርካሾቹ ከሆኑ ከ10,000 አያልፉም። አጠገብ ያለ የቅመም ሱቅ ሚዛን ይበቃችኋል። (ክብደት እንዲመስል አሸዋ የሚያሽጉም አሉ፤ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ነቅንቁት።) በሌላ በኩል እውነተኛ 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ስልክ ላይ 6,000 ወይም 6,500 ብቻ ቢሰጥ አልተታለላችሁም። 10,000ው የተለካው በባትሪው 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ቁጥሩ ይወርዳል፣ በመሀልም ጥቂቱ በሙቀት ይባክናል።

ዋናው ኪሳራ ቻርጀሩ ላይ ነው። ካርታ ከፍቶ፣ ብርሃኑ ለፀሐይ እስከ መጨረሻ ተጨምሮ የሚሠራ ስልክ ከ3 እስከ 5 ዋት ይበላል። «4 አምፔር» እውነት ቢሆን በ5 ቮልት 20 ዋት ስለሚሰጥ ከበቂም በላይ ነበር። ግን ዩኤስቢ ውስጥ አራት መስመር አለ፤ ሁለቱ የኃይል፣ ሁለቱ የመረጃ። ርካሽ ቻርጀር ሁለቱን የመረጃ መስመሮች እርስ በርስ ሳያገናኝ ሲቀር ብዙ ስልክ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ መስሎት ከ0.5 አምፔር በላይ አይስብም። ያ 2.5 ዋት ነው። ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክቷ ትታያለች፣ ፐርሰንቱ ግን ወደ ታች ይሄዳል። ግማሽ ቻርጅ ይዞ ጠዋት 12 ሰዓት ከባሕር ዳር የተነሳ ስልክ 4 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ያኔ ገና ደብረ ማርቆስ አካባቢ ናችሁ፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትም፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድም ከፊታችሁ ነው።

ቻርጀሩ ደህና ቢሆን እንኳ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ገመድ ያበላሸዋል። ውስጡ ያለው መዳብ ፀጉር ያህል ነው። አንድ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ቀጭን ገመድ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ያህል ይቋቋማል፤ 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ወጥቶ ስልኩ ጋ 4.2 ሲደርስ ስልኩ ራሱ መሳቡን ይቀንሳል። ወፈር ያለና አጠር ያለ ገመድ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይህን ችግር ይፈታዋል።

ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ማየት ይቻላል። በቻርጀሩና በገመዱ መሀል የምትገባ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ አለች፤ ቮልትና አምፔር ታሳያለች፣ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ጋ አትጠፋም። ቻርጀሩን በ12 ቮልት ባትሪ ላይ አሠሩ፣ ከ50 ፐርሰንት በታች የሆነ ስልክ ሰኩ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከ1.5 አምፔር በላይ እየሳበ ቮልቱ ከ4.75 ካልወረደ ይሠራል። 0.5 አካባቢ ከቆመ ተዉት። ሌላ ስልክና ሌላ ገመድ ቀይራችሁ ድገሙት፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የስልኩ ሶኬት ነው። አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅም ቻርጀሩን ዳሱት፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ከሞተሩ ሙቀት ጋር ተደምሮ አይቆይም። ሻጩ «ካልተከፈለ አይሞከርም» ካለ መልሱን ነግሯችኋል።

ቻርጀሩም ላይ ያለው «ውኃ አያስገባም» የሚለው ጽሑፍ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ቻርጀሩ የጎማ ክዳን አለው፤ ክዳኑ የሚዘጋው ግን ገመድ ሳይሰካ ነው። ቻርጅ ስታደርጉ ክፍት ነው! ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጣና ዝናብ ይህ ቀልድ አይደለም። የምትገጥሙት ከሆነ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፣ ገመዱም ከመሰኪያው በታች ትንሽ ተንጠልጥሎ ውኃው እዚያ ይንጠባጠብ።

ሻጮች «ቀጥታ ባትሪ ላይ እሰረው» ይላሉ። አትሰሩት። ርካሽ ቻርጀር ምንም ሳይሰካበት 20 ሚሊአምፔር ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ ቁጥር የሚያበራ ቮልት መለኪያ ካለው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። 20 ሚሊአምፔር በቀን ወደ 0.5 አምፔር ሰዓት ነው። የትንሽ ሞተር ባትሪ ደግሞ ከ4 እስከ 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ አሥር ቀን ከቆመ ባትሪው አለቀ። መስመሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ይሳብ፤ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከሚነሳበት ቦታ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ፣ የ3 አምፔር ፊውዝ ይግባ። በካርቶኑ ውስጥ ፊውዝ የለም። ፊውዝ የሌለው ሽቦ መሪው ሥር ተፍቆ ከብረት ጋር ከተነካካ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው፤ ያውም ታንከሩ አጠገብ።

ከፊት መብራት ሽቦ ላይ የሚቀጥሉም አሉ። በአንዳንድ ትንንሽና አሮጌ ሞተሮች የፊት መብራቱ በባትሪ ሳይሆን ከጄኔሬተሩ በቀጥታ በሚመጣ ኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኃይል) ነው የሚሠራው፤ ቻርጀሩ የሚፈልገው እንደ ባትሪ ያለ ዲሲ ስለሆነ እዚያ ወዲያው ይቃጠላል። ኤሌትራውቶው መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ዲሲ ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ያ ሳይጠገን ምንም ዓይነት ቻርጀር አትግጠሙ።

መያዣው ወደ መሪው የሚታሰርበት አንገት የፕላስቲክ ኳስ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል፣ ስልኩም ባዶ መንገድ ላይ ይቀራል። ብሎኑ እንዳይላላ ብሎ ማጣበቂያ ፈሳሽ የሚያፈስ ሰው አለ፤ ያ ፈሳሽ ለብረት ነው፣ ብዙ ፕላስቲክን ያሰነጥቃል። የብዙ ትንንሽ ሞተሮች መሪ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዚያ የሚሆን፣ ኳሱ ብረት የሆነ፣ በአራት ማዕዘን የሚይዝ ፈልጉ። ዳዶውንም በየ200 ኪሎ ሜትሩ ፈትሹ፤ ጎንደር ደርሳችሁ ስትወርዱ ማለት ነው። «ራሊ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ። በአሜሪካ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ጋ እንኳ ጉዞው የሚረጋገጠው በየማደያው በተቆረጠ የነዳጅ ደረሰኝ ነው። ስልክ ብቻውን አይታመንም።

የስልካችሁ ካሜራ ውድ ከሆነ ይህን ስሙ። አፕል በመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከትልልቅ ሞተር ሳይክሎች መሪ የሚመጣ ንዝረት ምስል እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን የካሜራ ክፍል ሊያበላሽ እንደሚችል ገልጿል፤ ለትንንሽ ስኩተሮችም ንዝረት የሚያበርድ መያዣ እንዲኖር መክሯል። ይህ ክፍል ያለባቸው የሌላ ኩባንያ ስልኮችም ከዚህ አያመልጡም። ጉዳቱ ሲጀምር ምስሉ ይርገበገባል፣ ቅርብ ነገር ጥርት ማለት ያቅተዋል። ካርቶኑ ውስጥ «ንዝረት መከላከያ» ተብሎ የተቀመጠው ግን መሪው እንዳይፋቅ የምትጠመጠም ስስ ጎማ ናት። ንዝረት የሚያበርደው በሁለት ሳህኖች መሀል ለስላሳ የሲሊኮን ቁርጥራጮች ያሉበት ዓይነት ነው። ከሁሉም የሚሻለው አሮጌ፣ ርካሽ ስልክ መሪው ላይ ማድረግና ጥሩውን ኪስ ውስጥ መያዝ ነው። ካርታውን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁበት ሲም ካርድም ኔትወርክም አያስፈልገውም፤ ቦታውን የሚያገኘው ከሳተላይት ነው።

የፕላስቲክ ኪሱ ፀሐይ ላይ ምጣድ ነው። ስልክ በውስጡ ታሽጎ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል፤ ባትሪው 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ስልክ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከውስጥ ላብ ይይዝና ካርታው አይታይም።

የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ሽቦ መቀጠልም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ታማኝ 10,000 ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 4 ዋት የሚበላ ስልክን ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ያቆያል። ገመዱ ግን መሪው እስከ መጨረሻ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር እንዳይወጠር ይለካ።

አስቀድሞ ለገዛ ሰው፦ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለውጡላችሁ ወይም ገንዘባችሁን እንዲመልሱላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እንቢ ካሉ የከተማው ንግድ መምሪያ አለ። ደረሰኝ ግን ይዛችሁ ነው። ገና የምትገዙ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «የስልክ ዕቃ» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ «ቻርጀር 4 አምፔር፣ ፓወር ባንክ 50,000» ብለው ይጻፉላችሁ። እጁ ለመጻፍ ካመነታ ካርቶኑን መልሱለት።